«ሰነፍ» ያልኳት የልጅ ልጄ

ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ «ልጆቻችሁን በስድብ አትገሥጹ» እያልኩ ስንቱን ወላጅ መክሬያለሁ። እቤቴ ስገባ ግን የ14 ዓመቷን የልጅ ልጄን «አንቺ ሰነፍ! ሶፋው ላይ ተጣብቀሽ ቀረሽ እኮ» እላት ነበር።

አንድ ማታ ይህንኑ ስደግምባት አለቀሰች። ለካ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ስትሮጥ ወንዶቹ ደረቷን እያዩ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ወዲህ ስፖርት ባለበት ቀን ሁሉ ሆዷን «ያማታል»። እኔ ስንፍና ያልኩት እፍረት ኖሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ፣ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያድርጉ ይላል። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 በተሰበሰበው መረጃ፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት የዓለም ተማሪዎች 81 ከመቶው ይህን አያሟሉም፤ ከሴቶቹ ደግሞ 85 ከመቶው። ደቂቃው ግን በአንድ ጊዜ ይሞላ የተባለ ነገር የለም።

መጀመሪያ ልኳ የሆነ የስፖርት ጡት መያዣ ገዛንላት። (ይህ በጋዜጣ ይጻፋል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔ ነርስ ነኝ።) እናቷ መምህሩን አነጋገረች። እኔና እሷ ደግሞ ሰው ሳይበዛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ የኮንዶሚኒየማችንን ግቢ መዞር ጀመርን። ስለ ውፍረት አይነሣም፤ ስንት ዙር እንደሄድን ብቻ እንቆጥራለን። ጉልበቴ ሲይዘኝ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ትምህርት ቤት እስካሁን አትሮጥም፤ ከጓደኛዋ ጋር ሜዳውን በእግር ትዞራለች። ሆዷን ግን አላመማትም። ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችንን ልጅ ይዛ መጣች፤ ሁለቱ ጥለውኝ ሄዱና ከሩቅ ዞር ብላ «እማዬ፣ ነይ እንጂ!» አለችኝ።