የወንዝ ቀዘፋ ቃላት፦ ከምስል ይልቅ ተግባርን ስለ መሰየም

አንድን ሙያ ወደ አማርኛ ለማስገባት የሚነሣ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቃል ቶሎ ሲያገኝ ነው። ከባዕዱ ቃል አጠገብ የተጻፈውን አቻ ያነሣል፤ ዓረፍተ ነገሩም ያለ ሰዋስዋዊ ጉድለት ያልቃል። ስሕተቱ የሚታወቀው ቃሉ ሥራ ላይ ሲውል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ችግር በአንድ ጠባብ መስክ፣ ይኸውም በገደል መካከል የሚሮጥን ወንዝ በካያክና በጎማ ጀልባ ቁልቁል በመቅዘፍ ሙያ፣ ለማሳየት እንሞክራለን። መስኩን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚህ ሙያ ቃል በተሳሳተ ፍቺ ቢነገር ጉዳቱ በሰው ሕይወት ላይ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ሙያው ለሀገራችን እንግዳ ቢመስልም ከታወቁት ስፍራዎቹ አንዱ የዓባይ ሸለቆ ነው።

ዓባይ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በመካከሉ ከጢስ ዓባይ ተወርውሮ፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር በሚደርስ ሸለቆ ውስጥ ይጓዛል። በ1968 እ.ኤ.አ. ክረምት በእንግሊዛዊው የጦር መኮንን በጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራ ቡድን ወንዙን በጀልባ ወረደ፤ ከአባላቱም አንዱ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። በ1972 እ.ኤ.አ. ማይክ ጆንስ የመራው የእንግሊዝ ቡድን የላይኛውን ክፍል በካያክ ቀዘፈ። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን በዓባይ የጀመሩትን ጉዞ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ፈጸሙ። እንዲህ ያሉ ጉዞዎችን ታሪክ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ይገጥሙታል።

ሀ. የውሃው መጠሪያ

እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ወንዝ «ነጭ ውሃ» በሚል ዘይቤ ይጠራዋል፤ ውሃው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ አየር ስለሚቀላቀልበት ነጥቶ ይታያልና። ይህን ቃል በቃል ብናስገባው፣ ስለ ዓባይ የሚያነብ ሰው ሐሳቡ ወደ ነጭ ዓባይ፣ ማለትም ከቪክቶሪያ ሐይቅ አቅጣጫ ወደሚመጣው ሌላ ወንዝ፣ ይወሰዳል። ስለዚህ «ዐረፋማ ውሃ» የሚለውን እናቀርባለን። አየር የበዛበት ውሃ ዋናተኛን እንደ ጠራ ውሃ አያንሳፍፍም፤ «ዐረፋ» ይህንንም ባሕርይ ይጠቁማል።

ዐረፋማ ውሃ የሚገኝበት የወንዝ ክፍል «ፈጣን ወራጅ» ቢባል ይበቃል። «ፏፏቴ» እንደ ጢስ ዓባይ ውሃው ከገደል ለሚወረወርበት ስፍራ ይጠበቅ። «ደራሽ»ም ሊተካው አይችልም። ደራሽ በላይ አገር ከዘነበ ዝናብ በድንገት መጥቶ የሚያልፍ ነው፤ ፈጣን ወራጅ ግን ቦታ ነው፤ ኃይሉ ከወቅት ወቅት ቢለዋወጥም ከስፍራው አይነሣም።

ለ. መጠጊያና ወጥመድ

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ወንዝ በአንድ ትልቅ ቋጥኝ ዙሪያ ሲያልፍ ከቋጥኙ በስተኋላ የውሃው ወለል ዝቅ ይላል፤ ይህንንም ለመሙላት ውሃ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ቀዛፊው ጀልባውን እዚያ አስገብቶ ያርፋል፤ ጓደኞቹን ይጠብቃል፤ ከፊቱ ያለውንም ይቃኛል። መዝገበ ቃላት ለዚህ የሚሰጡት አቻ ብዙ ጊዜ «አዙሪት» ነው። አዙሪት ግን በአማርኛ ዋናተኛን አዙሮ የሚያሰጥም ውሃ ነው፤ በዘይቤም «የድህነት አዙሪት» ስንል መውጫ የሌለውን ማለታችን ነው። አስጎብኚው «ከቋጥኙ ኋላ ወዳለው አዙሪት ግቡ» ብሎ ቢጮህ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከዚያ ይሸሻል፤ የሚሸሸውም ከመዳኛው ነው። ስለዚህ «የውሃ ጥግ» እንላለን። ጥግ መጠጊያ ነው፤ ግሡም ከቃሉ ጋር አብሮ ይገኛል፦ «ጥግ ያዙ!» ቢባል ማንም ይገባዋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ውሃ ከተሸፈነ ድንጋይ ወይም ከእርከን ላይ በኃይል ወደ ታች ሲጠልቅ፣ የላይኛው ውሃ ወደ ኋላ ተገልብጦ የሚመለስበት ስፍራ ነው። የገባበትን ጀልባና ሰው እየመለሰ ይይዛል። እንግሊዝኛው «ጉድጓድ» ይለዋል፤ ነገር ግን በአማርኛ ጉድጓድ የሚገቡበት እንጂ የሚመልስ ነገር አይደለም፤ አንባቢም ጥልቀትን ብቻ ያስባል። «መላሽ ውሃ» ወይም በአጭሩ «መላሽ» የሚለው ቃል ምን እንደሚያደርግ ይናገራል።

ምስልን መዋስ ሁልጊዜ ያሳስታል ማለታችን ግን አይደለም። ውሃው በድንጋይ ክምር ወይም በወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ መካከል እያለፈ ሰውን የሚያስቀርበትን ስፍራ እንግሊዝኛው በማጥለያ ይመስለዋል። አማርኛው «ወንፊት» ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ዱቄቱን አሳልፎ እንክርዳዱን የሚያስቀረውን ወንፊት የማያውቅ የለምና። ምስሉ ተግባሩን ከገለጸ ይወሰዳል፤ ካልገለጸ ይተዋል።

ሐ. የአስቸጋሪነት መለኪያ

ፈጣን ወራጆች በዓለም አቀፍ ልማድ ከ1 እስከ 6 ይመደባሉ። 1 ለጀማሪ የሚሆን ቀላሉ ነው፤ 5 ረጅም፣ እንቅፋት የበዛበትና ለጠበብት ቀዛፊዎች ብቻ የሚሆን ነው፤ 6 በመቻልና ባለመቻል ወሰን ላይ ያለው ነው። ይህን «ደረጃ» ብለን ብንተረጕም ትርጕሙ ይገለበጣል። በአማርኛ አንደኛ ደረጃ ዕቃ ወይም ሆቴል ከሁሉ የላቀው ነው፤ አምስተኛ ደረጃ የተባለ ነገር ካለም ከመጨረሻው የተጣለ ነው። «አምስተኛ ደረጃ ወራጅ» የሚለውን የሰማ ሰው ቀላል መስሎት ሊገባበት ይችላል። ስለሆነም ከታች ወደ ላይ መውጣትን የሚያሳየውን «እርከን» መርጠን «የአደጋ እርከን 5» እንዲባል እናሳስባለን። በተጨማሪ ተርጓሚው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ ከሰው መኖሪያ በራቀ፣ ገደሉም መውጫ በማይሰጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ወራጅ፣ ውሃው እኩል ቢሆንም፣ እርዳታ ቶሎ ስለማይደርስ ከፍ ባለ እርከን ይታያል።

መ. አቅጣጫ

«ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» በሸለቆ ውስጥ አሻሚ ናቸው። «ወደ ላይ ውጡ» የተባለ ሰው ገደሉን ወደ ደጋው ይውጣ፣ ወይስ ከወንዙ መምጫ አንጻር ይመለስ? ለወንዙ «ራስጌ» እና «ግርጌ»፣ ለገደሉ ደግሞ «ላይ» እና «ታች» ቢመደቡ ጥርጣሬው ይወገዳል። ግራና ቀኝም የሚለዩት ፊትን ወደ ግርጌ መልሶ ነው፤ ቀዛፊው ዞሮ ወደ ራስጌ ቢመለከት እንኳ የወንዙ ቀኝ አይለወጥም። ስለዚህ «በቀኝህ» ሳይሆን «በወንዙ ቀኝ» ይባል። ወንዙ ጎጃምን ስለሚከብበው «በጎጃም በኩል» የሚለው አነጋገር በዓባይ ላይ ከ«ወንዙ ቀኝ» ጋር አንድ ይሆናል፤ ተናጋሪው ቢዞርም አይዛነፍም። ስለዚህ ለዚህ ሥርዓት መሠረቱ በቋንቋው ውስጥ አለ።

ሠ. ጀልባዎች

«ካያክ» ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝብ ከኢኑይት ቋንቋ የመጣ፣ ዓለም የተቀበለው የውሰት ቃል ስለሆነ እንዳለ ይጻፍ። «ታንኳ» ማለቱ ግን አይገባም፤ ታንኳ ከደንገል የሚታሰረውን የጣና ጀልባ ያስታውሳልና። በአየር የሚነፋውን ሰፊ ጀልባ አንዳንዶች «የንፋስ ጀልባ» ሊሉት ቢፈልጉም በሸራ የሚነዳውን ያስመስላል። «የጎማ ጀልባ» ሕዝቡ የሚለው ነው፤ ይበቃል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለባልደረቦቻችን እናሳስባለን። በ2020 እ.ኤ.አ. ውሃ መያዝ የጀመረውና በ2025 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሸለቆው ታችኛ ክፍል ሰፊ ሐይቅ ፈጥሯል። ሐይቁ በተኛበት ቦታ የነበሩት ወራጆችና መሻገሪያዎች ዛሬ ከውሃ በታች ናቸው፤ መሻገሪያ ሲጠፋ ስሙም፣ ስለ ውሃው ጠባይ ይነገር የነበረውም ቃል ከሚያስታውሱት ሰዎች ጋር ያልፋል። ወንዙን በዋና የሚሻገሩና ሰው የሚያሻግሩ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ ተናጋሪዎች ከማናችንም ይልቅ ውሃውን ያውቁታል። ከላይ ያቀረብናቸው ቃላት ጽሕፈት ቤት ተቀምጠን ያሰብናቸው ናቸው። «ጥግ»ንና «መላሽ»ን የሚበልጥ ቃል ከወንዙ ዳር ቢገኝ የእኛን ለመተው ዝግጁዎች ነን፤ ነገር ግን ፍለጋው ሳይዘገይ መጀመር አለበት።