ዲላ ወደ ጎን ትስፋ ወይስ ወደ ላይ ትደግ?

ከሀዋሳ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ሲጓዙ ዲላን የሚያገኟት በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተለጥጣ ነው። ፎቁ ያለው መንገድ ዳር ነው። ሃምሳ እርምጃ ወደ ውስጥ ከገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የዛገ ቆርቆሮ፣ ምርጉ የረገፈ የጭቃ ቤት፣ በሁለት አጥር መሀል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ። ጥቂት ወጣ ሲሉ ደግሞ ቤቱ ያልቅና እንሰትና ቡና ይጀምራል። በሁለቱ መሀል ባዶ ሜዳ የሚባል ነገር የለም።

ይህችን ነገር ልብ ይበሉልኝ። ስለ ዲላ ፕላን፣ ስለ መልሶ ማልማትና ስለ ቤት የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው እሷው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። «ፕላን ወጣ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንዱ መዋቅራዊ ፕላን ነው። የከተማው አጽም ማለት ነው፤ ዋና ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉ፣ መኖሪያው፣ ገበያው፣ ፋብሪካውና አረንጓዴ ቦታው የት እንደሚሆን፣ ከተማው ወደየት እንደሚሰፋ ያሳያል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ዕድሜው 10 ዓመት ነው። ከመጽደቁ በፊትም ነዋሪው ሊወያይበት ይገባል።

ሌላው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው፤ ባለሙያዎቹ «ኤልዲፒ» የሚሉት። ይህኛው እርስዎ ሰፈር ድረስ ይወርዳል። የትኛው ቦታ ላይ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ፣ ቤቱ ከመንገዱ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ስፋት ስንት እንደሆነ ይናገራል። መዋቅራዊው ፕላን ላይ ሰፈርዎ አንድ ወጥ ቢጫ ቀለም ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ኤልዲፒው ላይ ግን መንገዱ ማድ ቤትዎን ቆርጦ ሲያልፍ ያዩታል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ «ፕላኑን አሳዩኝ» ሳይሆን «የሰፈሬን ኤልዲፒ አሳዩኝ» ይበሉ። ካርታዎን መያዝ አይርሱ።

መልሶ ማልማትስ? ያረጀና የተጨናነቀን ሰፈር በአዲስ ፕላን ማደስ ነው። አፍርሶ መሥራት ሊሆን ይችላል፤ ነዋሪውን ሳያስነሱ መንገድ መክፈትና ውሃ ማስገባትም ሊሆን ይችላል። በሰው ጆሮ የቀረው ግን ማፍረሱ ነው። አዲስ አበባ ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ ተሠራ፤ ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ተከተሉ። የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ፣ ማለትም ዋና መንገድን ተከትሎ የእግረኛ መንገዱን፣ መብራቱንና የሕንፃዎቹን ፊት ማስተካከል፣ ወደ ክልል ከተሞችም ወርዶ ዲላ ደርሷል። ኮሪደር ግን በባሕርዩ የመንገድ ዳር ሥራ ነው። ያ ሃምሳ እርምጃ ወደ ውስጥ ያለው ቤት ሌላ ሐሳብ ይፈልጋል።

«ቤቶቹ ለምን እንዲህ አረጁ?» ካሉ፣ አንዱ ምክንያት ከ1967 ዓ.ም. ይጀምራል። ትርፍ የከተማ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 ተወረሱና አነስ ያሉት የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራዩ ጥቂት ብር ነው። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ አያፈስስም፤ በዚያ ኪራይም ቀበሌው ቆርቆሮ አይቀይርም። ማገሩ እስኪበሰብስ ሁለቱም ይጠባበቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። «ከተማው ለምን ዝም ብሎ አይሰፋም?» ሌላ ቦታ ቢሆን ያስኬድ ነበር። ሀዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳርና መቐለ ከዐሥር ዓመት በፊት ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆነው አንድ ቀላል ዘዴ ሞክረዋል፤ ከተማው ሳይደርስ፣ መሬቱ ገና እርሻ እያለ፣ የሰፋፊ መንገዶችን መስመር ቀድሞ ቀይሶ መያዝ። ለጥ ባለና እህል በሚዘራበት መሬት ላይ ይህ ርካሽ ነው። የጤፍ ማሳ ላይ የመንገድ መስመር ቢቀየስ የሚነካው ዓመታዊ ሰብል ነው።

ዲላ ግን በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ነች። በምሥራቅ ወደ ቡሌ የሚወጣው ዳገት አለ። በምዕራብ ብዙ ሳይርቁ የኦሮሚያ ክልል ወሰን ይመጣል፤ በሰሜን ደግሞ ሲዳማ ነው። የቀረው የጌዴኦ ገበሬ ጓሮ ነው፤ ያ ጓሮ ደግሞ ደን ነው። ከላይ ነባር የጥላ ዛፎች፣ ከሥር ቡና፣ በመሀል እንሰት። በ1999ኙ ቆጠራ በጌዴኦ ዞን በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ሕዝብ የያዘው ያ ጓሮ ነው። ዩኔስኮም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ጉዳዩን በካሬ ሜትር እንየው። የእንሰት ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ ስሌት አለ፤ ከ40 እስከ 60 እንሰት፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር መሬት ላይ፣ አምስት ስድስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ ይመግባል። ይህ ስፋት ለእርስዎ የሚያስታውሰው ነገር የለም? በብዙ ከተማ ለአንድ መኖሪያ ቤት ከሚሸነሸነው ቦታ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ዲላ አንድ ባለ ግቢ ቤት ወደ ጎን በጨመረች ቁጥር የአንድ ቤተሰብ ቆጮ ከመሬቱ ተነሣ ማለት ነው።

ገበሬው ባዶ እጁን አይነሣም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት፣ ለቡናው፣ ለእንሰቱና ለቤቱ፣ ካሳ ይታሰብለታል። ለዘለቄታው የሚነሣና ምትክ መሬት የማያገኝ ከሆነ ደግሞ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ይባዛል። ለስሌት እንዲመች፣ መሬቱ በተሻለው ዓመት 100 ሺህ ብር አስገብቶ ከነበረ የመፈናቀያ ካሳው 1.5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ቡና በደህና ከተያዘ ለልጅም ይተርፋል፤ ብሩ ደግሞ በ15 ዓመት ውስጥ የቱን ያህል እንደሚቀልጥ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ለከተማውም ቢሆን ቀላል ወጪ አይደለም፤ ካሳውን ከፍሎ ሲያበቃ ዳገቱን ቆርጦ መንገድ፣ የውሃ መስመርና የጎርፍ መውረጃ መሥራት አለበት። ዛፉ በነበረበት ጊዜ የረገፈው ቅጠል የሚጠጣው ዝናብ፣ ዛፉ ሲቆረጥ በየጣሪያው ተንሸራትቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ መሀል ከተማ ያለውን ቱቦም ያጥለቀልቀዋል።

እኔ በበኩሌ ስለዚህ ነው ወደ ላይ የምለው። ወደ ላይ ማለት ግን ሰማይ ጠቀስ ማለት አይደለም። አንድ ምሳሌ እንሥራ።

አራት ጎረቤታሞች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው 150 ካሬ ሜትር ግቢ አላቸው። ሲደመር 600 ነው። ግማሹን፣ 300 ካሬ ሜትሩን፣ ላልተሠራ ግቢ ይተዉና በቀሪው 300 ላይ ጂ ፕላስ ሁለት፣ ማለትም ምድር ቤቱን ጨምሮ ሦስት ወለል ያለው ቤት ይሥሩ። 900 ካሬ ሜትር ወለል ይወጣል። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛውን ለደረጃ፣ ለኮሪደርና ለግድግዳ ይቀንሱ፤ 720 ይቀራል። ለየቤተሰቡ 180 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቀድሞ 150 ካሬ ግቢ ላይ 60 ካሬ የጭቃ ቤት ነበራቸው እኮ! ከፊት ያለው ምድር ቤት ሱቅ ይሆናል። ከኋላ ያለው ግቢ ጥቂት እንሰትና አንድ አቮካዶ አያጣም።

«ካርታው የማን ይሆናል?» ለየቤቱ የየራሱ ነው። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን በጋራ፣ ቤቱን ግን በየግል ለመያዝ መንገድ ከፍቷል። አስቀድመው የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር አለ። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ መሬት፣ ከሊዝ ይዞታ ጋር ሲቀላቀል ወደ ሊዝ ይገባል። ከአራቱ የአንዱ ሊዝ ከሆነ ሦስቱን ይዞ ይሄዳል። ይህን ሳያጣሩ ውል እንዳይፈርሙ።

ሊዝ ራሱ ለመንግሥት የሚከፈል የረጅም ጊዜ የመሬት ኪራይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፤ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ አያንስም። በካሬ 1,000 ብር ቢሆን፣ 200 ካሬ ሜትር 200 ሺህ ብር ነው። ሲፈርሙ ቢያንስ 20 ሺህ ይከፍላሉ፤ ቀሪው በየዓመቱ ይከፋፈላል። የ1,000 ብሩ ለምሳሌ ነው፤ እውነተኛውን መነሻ ዋጋ ከተማው በየደረጃው ያወጣዋል፤ ጨረታ ላይ ደግሞ ከዚያ በብዙ ሊርቅ ይችላል።

የግንባታው ወጪስ? ወደ ላይ ሲሄዱ በካሬ ሜትር ይበልጣል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። የጭቃ ቤት በማገርና በጭድ ይቆማል። ጂ ፕላስ ሁለት ግን ኮለን፣ ሶሌታ፣ ፌሮና ሲሚንቶ ይጠይቃል፤ ዳገት ላይ ከሆነ መሠረቱ ብቻውን ኪስ ያራቁታል። ሆኖም አራቱ ቤተሰብ አንድ መሠረት፣ አንድ ጣሪያና አንድ ደረጃ ይጋራሉ። ቁመቱንም ልብ ይበሉ። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ «ሐ» ምድብ ውስጥ ይገባል፤ የባለሙያው መስፈርትም ቁጥጥሩም ይጠብቃል። ሦስት ወለል በ3 ሜትር ቢታሰብ 9 ሜትር ነው፤ ከጣሪያው ጋርም ከወሰኑ በታች ሊቀር ይችላል። አራተኛ ወለል ልጨምር ሲሉ ያንን መስመር ይነካሉ።

ሰው የሚረሳው ወጪ ሽንት ቤት ነው። እንደ አብዛኛው የክልል ከተማ፣ ቆሻሻው በየግቢው ይጠራቀማል እንጂ በከተማ መስመር አይሄድም። አራት ጉድጓድ የነበረው አንድ ትልቅ ሴፕቲክ ታንከር ይሆናል፤ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይመጣል። መኪናው በዚያ ሁለት ሰው በማያሳልፍ መተላለፊያ እንዴት ይግባ? እሳት ቢነሳስ? ኤልዲፒው «መንገዱ ይስፋ» ሲል ብዙ ሰው ከግቢው የሚቆረጥበት ብቻ ይታየዋል፤ ነገር ግን ያለ መንገዱ ፎቁም አይሆንም። ጃፓኖች ለዚህ የቆየ ብልሃት አላቸው። የአንድ ሰፈር ባለይዞታዎች ሁሉ ከግቢያቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ መንገድ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ያነሰ ግን መኪና የሚገባበት፣ ዋጋው የጨመረ ቦታ ይዞ እዚያው ይቀራል። የሚነሣ ሰው የለም። የእኛው 1161ም ቢሆን መሬቱን በፕላኑ መሠረት ራሱ ማልማት ለሚችል ባለይዞታ ቅድሚያ ይሰጣል። ጌዴኦ ደግሞ ሽማግሌዎች በባህላዊው ጉባኤያቸው፣ በሶንጎ፣ ተቀምጠው ስለ መሬትና ስለ ወሰን ሲመክሩ የኖሩበት አገር ነው፤ «ማን ስንት ሜትር ያዋጣ» ለሚለው ንግግር እንግዳ አይደለም።

የቀረ አንድ ሰው አለ፤ ካርታው ላይ የሌለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲ፣ ዲላም በ2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከማዕከል ከተሞቹ አንዷ መሆኗ፣ ተከራዩን አብዝተውታል። አንዱን ግቢ ገባ ብለው ይዩ። ከኋላ የተደረደሩ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ በየበሩ ቢጫ ጀሪካን። ባለቤቷ እናት የምትተዳደረው በዚያ ኪራይ ነው። ግቢው ሲፈርስ ለእሷ ምትክ ይታሰባል፤ ለተከራዩ ግን የቀበሌ ቤት ካልሆነ በቀር የሚታሰብ ነገር ብዙም የለም። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ተከራይ ከሆኑ ያንን ወረቀት ይያዙ።

ባለቤት ከሆኑ ደግሞ ያንን 180 ካሬ ሲያስነድፉ ሁሉንም ሳሎንና መኝታ አያድርጉት። 60ውን ለይተው ባለ 15 ካሬ አራት የኪራይ ክፍል ያስወጡበት፤ በራቸው ለብቻው ወደ ጋራው ደረጃ ይውጣ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውም ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ለየክፍሉ ይለይ። በኋላ ይደረስበታል ካሉ አዲስ ግድግዳ መብሳት ይመጣል፤ ግንበኛውም ለዚያ ለብቻው ያስከፍልዎታል።