ፍሪሲዮንና ካምቢዮ በግቢ ውስጥ ሲቀየር፦ ከመፍታት በፊት መለየት

እህል የጫነ ተሽከርካሪ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ወይም የሊማሊሞን ዳገት ሲያያዝ ሞተሩ እየጮኸ ጉዞው ካዘገመ፣ ከሥሩም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው ፍሪሲዮን ላይ ነው። ብልሽቱ ምርትን ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያስቀራል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከዚህ የከፋ አደጋ አለው። በከባድ ማርሽ የሚወርድ ተሽከርካሪ ፍጥነቱን የሚገታው ሞተሩ ጭምር ነው፤ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከኾነ ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ይግላል።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡትን ጠግኖ ማቆየት ለብዙ ባለንብረቶች ይበልጥ አስፈላጊ ኾኗል። የጉልበት ዋጋ ለመቆጠብም ፍሪሲዮንና ካምቢዮን በራሳቸው ግቢ ለመቀየር የሚነሡ አሉ። ሥራው ለሠለጠነ እጅና ለትዕግሥተኛ ሰው የሚቻል ነው። ነገር ግን ውጤቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የተበላሸው የትኛው ክፍል እንደኾነ አስቀድሞ መለየትና ከተሽከርካሪው ሥር የሚገባው ሰው ደኅንነት።

*የፍሪሲዮን ሥራ*

ምራን ቀንበርን ከሞፈር እንደሚያስር ሁሉ ፍሪሲዮንም ሞተርን ከካምቢዮ ጋር ያስራል። ልዩነቱ በአሽከርካሪው እግር ትእዛዝ የሚፈታና መልሶ የሚታሰር መኾኑ ነው። በሞተሩ ጫፍ ላይ ከባድ የሚሽከረከር ጎማ መሰል ብረት አለ፤ መካኒኮች ቮላኖ ይሉታል። ከእርሱ ጋር ተጣብቆ የሚሽከረከረው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ሸራውን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ የሚይዘው በሞላ የሚጫን የብረት ሳህን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ሞላውን ይገፋል፣ ሳህኑም ሸራውን ይለቃል፤ ያን ጊዜ ማርሽ መቀየር ይቻላል። ሸራው በሰበቃ የሚሠራ በመኾኑ በአገልግሎት ብዛት ማለቁ አይቀርም።

*የትኛው ነው የተበላሸው?*

ካምቢዮን አውርዶ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ኾኖ ማግኘት ድካምንም ገንዘብንም ያባክናል። ስለዚህ ምልክቶቹን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ሞተሩ ሲጮኽ ፍጥነቱ የማይጨምር ከኾነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ተሽከርካሪው በሜዳ ላይ ይቆማል፣ ከፊትም ከኋላም ሰው እንዳይኖር ይደረጋል፣ የእጅ ፍሬኑ በደንብ ይያዛል። ከዚያ የእግር ፍሬን እንደተረገጠ ከፍተኛ ማርሽ ገብቶ የፍሪሲዮን ፔዳል ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ መሽከርከሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ሙከራው ራሱ ሸራውን ስለሚያግለው መደጋገም የለበትም።

ማርሽ ለማስገባት የሚያስቸግር፣ በተለይም የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚንኳኳ ከኾነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ማለት ነው። ፔዳሉ በዘይት ግፊት የሚሠራ ከኾነ ካምቢዮን ከማውረድ በፊት የዘይቱ መጠን፣ የፓምፖቹ መፍሰስና በመስመሩ የገባ አየር ይፈተሻሉ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚሁ ይገኛል።

ድምፅም ይናገራል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት ወደ ፍሪሲዮን ኩሽኔታ ያመለክታል። በተቃራኒው ተሽከርካሪው ቆሞ ማርሹ ነፃ ሳለ የሚሰማ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ግን የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮው ውስጥ ኩሽኔታ የሚመጣ ሊኾን ይችላል። የገባ ማርሽ በራሱ የሚወጣ ከኾነም ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው ያዘነብላል። የካምቢዮ ዘይት ሲቀዳ የሚታየው ነገርም ምስክር ነው፤ ደቃቅ የብረት ዱቄት የተለመደ ሲኾን ቁርጥራጭ ብረት ግን የጥርስ ስብራት ምልክት ነው።

*በግቢ የሚሠራውና የማይሠራው*

በኋላ ጎማ የሚነዱ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ካምቢዮአቸው በቁመት የተዘረጋ ስለኾነ በአንጻራዊነት ለመውረድ ይቀላሉ። በፊት ጎማ የሚነዱ አውቶሞቢሎች ግን ሞተራቸው ከላይ እንዲንጠለጠል ስለሚጠይቁ ሥራቸው ይከብዳል። እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት ተሽከርካሪዎች ካምቢዮ በሰው ክንድ የሚያዝ አይደለም፤ ማንሻ ያለው ጋራዥ ይፈልጋል። የካምቢዮን ሆድ ከፍቶ ጥርስና ኩሽኔታ መለወጥም ልዩ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ለባለሙያ መተው አለበት። በግቢ የሚቻለው ካምቢዮን እንዳለ አውርዶ በሌላ መተካት ነው።

ያገለገለ ካምቢዮ የሚገዛ ሰው ከተሽከርካሪው ሞዴልና ከሞተሩ ዓይነት ጋር መግጠሙን፣ የመግቢያው ዘንግ ጥርሶች ቁጥር እኩል መኾኑን ያረጋግጥ። ዘንጉን በእጅ እያሽከረከረ ሁሉንም ማርሾች በየተራ ያስገባ፤ የሚቆረቁር ወይም የሚይዝ ካለ አይግዛ።

*ከሥር ከመግባት በፊት*

ተሽከርካሪው የሚቆመው ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ነው፤ ለስላሳ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል። መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸዋል፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታል። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አይኾንም። ተሽከርካሪው ከተነሣ በኋላ ክብደቱን በሚችሉ ባለ እግር የብረት መደገፊያዎች ላይ ማረፍ አለበት። ብሎኬትና የተደረደረ ድንጋይ ሳያስጠነቅቁ ስለሚሰነጠቁና ስለሚንሸራተቱ ሕይወት አይታመንባቸውም። ሰው ከመግባቱ በፊት ተሽከርካሪው ከጎን ተገፍቶ አለመነቃነቁ ይታያል፤ ብቻውን የሚሠራም ሊኖር አይገባም።

*የሥራው ቅደም ተከተል*

መጀመሪያ የካምቢዮው ዘይት በዕቃ ይቀዳል። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያው በሁለቱም ወገን ምልክት ይደረግበታል፤ በነበረበት ካልተመለሰ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ቀጥሎ የማርሽ ዘንግ፣ የኤሌክትሪክ ገመዶች፣ የፍሪሲዮን የታችኛው ፓምፕና ሞተሪኖው ይለያያሉ። የካምቢዮው መደገፊያ ሲፈታ ሞተሩ እንዳያዘነብል ከሥሩ ይደገፋል።

ካምቢዮው በተዘጋጀለት ክሪክ ላይ አርፎ ዙሪያውን ያሉት ቡሎኖች ከተፈቱ በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። ግማሽ መንገድ ላይ ማንጠልጠል ሸራውን ያጣምማል። ከውስጥ የሚገኘው ብናኝ በአፍ ወይም በአየር ግፊት አይነፋም፤ የቆዩ ሸራዎች ለሳምባ ጎጂ የኾነ አስቤስቶስ ሊይዙ ስለሚችሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ሸራው፣ ተጫኙ ሳህንና ኩሽኔታው በአንድ ላይ ቢቀየሩ ይመረጣል። አንዱን ለመቆጠብ አሮጌውን መመለስ ያንኑ ድካም በቅርቡ ሊያስደግም ይችላል። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ የሙቀት ምልክት ወይም ቦይ ካለ በቶርኖ ቤት እንዲስተካከል ይላካል፤ የተሰነጠቀ ከኾነ ግን ይተካል። በሞተሩ ጫፍ ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ የሚያፈስ ከኾነ በዚሁ አጋጣሚ ይለወጣል፤ ካልኾነ አዲሱ ሸራ ዘይት ይጠጣል።

ሸራው ሲገጠም የትኛው ፊቱ ወደ ቮላኖው እንደሚዞር ይታያል፣ በማማከያ ዘንግም መሐል ለመሐል ይደረጋል። የሳህኑ ቡሎኖች ተሻግረው በየተራ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፣ የመጨረሻው ጥብቀትም በመምሪያው በተጻፈው ልክ ይኾናል። በዘንጉ ጥርሶች ላይ ጥቂት ግራሶ ይበቃል፤ ሸራውን ግን ቅባት ሊነካው አይገባም።

ካምቢዮው ሲመለስ ያለ ትግል እስከ ሞተሩ ድረስ መድረስ አለበት። ክፍተት እያለ በቡሎን ለመሳብ መሞከር የካምቢዮውን ጆሮ ይሰብራል። አልገባ ካለ ወደ ኋላ ተመልሶ የሸራውን መሐልነት ማየት ወይም መካኒክ መጥራት ይሻላል።

*ከሥራው በኋላ*

ካምቢዮው በአምራቹ የታዘዘው ዓይነት ዘይት በልኩ ይሞላለታል፣ በፍሪሲዮን መስመር የገባው አየርም ይወጣል። የተቀዳው አሮጌ ዘይት በጉድጓድ ውኃ፣ በወንዝ ዳርና በማሳ አጠገብ አይደፋም፤ በተከደነ ዕቃ ተይዞ ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ አዲሱን ሸራ የሚያኖረው የአሽከርካሪው ልማድ ነው። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳት፣ ዳገት ላይ ተሽከርካሪን በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን ይዞ ማቆም፣ በሁለተኛ ማርሽ መነሣትና ከአቅም በላይ መጫን ሸራውን ያለ ጊዜው ይጨርሱታል። አዲስ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ ድረስም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነትና ረጅም ዳገት ቢቀርበት ይመከራል። የመጀመሪያው ሙከራም ባዶ ተሽከርካሪ ይዞ፣ በሜዳማ መንገድና ለቤት ቅርብ በኾነ ቦታ ይደረግ፤ እህል መጫን ከዚያ በኋላ ይደርሳል።