የአንገት ሕመም መጠይቅን ወደ አማርኛ መመለስ፦ ከትርጉም እስከ ተገቢነት ማረጋገጫ

መግቢያ

የአንገት ሕመም የሚያደርሰውን ጉዳት በራጅ ብቻ መለካት አይቻልም። ምስሉ የአጥንትን ለውጥ ቢያሳይም ሕመምተኛው ከዕለት ተግባሩ የትኛው እንደተሳነው አይናገርም። በመሆኑም ባለሙያው የሕመሙን ክብደትና ሕክምናው ያስገኘውን ለውጥ ለመመዘን መጠይቅ ይጠቀማል። በሰፊው የታወቀው ሃዋርድ ቨርነንና ሲልቫኖ ማዮር እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት መለኪያ ነው። ስለ ሕመም መጠን፣ ራስን ስለ መንከባከብ፣ ዕቃ ስለ ማንሣት፣ ስለ ንባብ፣ ስለ ራስ ምታት፣ ሐሳብን ስለ መሰብሰብ፣ ስለ ሥራ፣ መኪና ስለ ማሽከርከር፣ ስለ እንቅልፍና ስለ መዝናኛ የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ስለሚይዝ ከፍተኛው ድምር 50 ነው።

የትርጉም ሥርዓት

ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ትርጉሙ ሊቀር ይችላል። ካዛንቺስ የሚለው የሠፈር ስም ለዚህ ምሳሌ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት ቤቶች መጠሪያ ከነበረው «ካዜ ኢንቺስ» የመጣ ሲሆን፣ ድምፁ ሲቆይ ትርጉሙ ተረስቷል። በሕክምና መጠይቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የቢተንና የባልደረቦቿ መመሪያ አምስት ደረጃዎችን ያስቀምጣል። እነርሱም በሁለት ተርጓሚዎች መተርጎም፣ ሁለቱን ማዋሐድ፣ ዋናውን ባላዩ ሰዎች ወደ መነሻው ቋንቋ መመለስ፣ በባለሙያዎች መመርመርና ከ30 እስከ 40 በሚሆኑ ሰዎች ላይ መሞከር ናቸው። ጣሊያናውያን ተመራማሪዎችም 20 ጥያቄዎች ያሉትን ሌላ የአንገት ሕመም መለኪያ ተርጉመውና ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል።

በአማርኛ የሚያጋጥሙ ችግሮች

የመጀመሪያው የቃላት ችግር ነው። በእንግሊዝኛው ርዕስ ያለው ቃል «አካል ጉዳት» ተብሎ ቢመለስ ዘላቂ ጉድለትን ስለሚያመለክት ሕመምተኛው «አይመለከተኝም» ሊል ይችላል፤ «የተግባር እክል» ማለት ይሻላል። የአንገትን መገተር የሚመለከት ጥያቄም ማጅራት ገትር የተባለውን አደገኛ በሽታ በማሳሰብ ሊያስደነግጥ ይችላል።

ሁለተኛውና የሚከብደው የኑሮ ልዩነት ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ልብስ በእጅ የምታጥብ፣ እንጀራ የምትጋግር ወይም ጀሪካን የምትሸከም ሴት መኪና ስለ ማሽከርከር ብትጠየቅ የምትመልሰው የላትም። ባዶው መልስ እንደ 0 ቢቆጠር ሕመሟ ያነሰ ይመስላል። ለምሳሌ ከዘጠኝ ጥያቄዎች 18 ነጥብ ያገኘ ሰው ውጤቱ ከ50 ሲሰላ 36 በመቶ፣ ከ45 ሲሰላ ግን 40 በመቶ ነው። ጥያቄውን «በታክሲ መጓዝ» ብሎ መተካትም ያለ ጥናት የሚደረግ አይደለም። አሽከርካሪ ወደ ኋላ ለማየት አንገቱን ያዞራል፤ ተሳፋሪ ግን ሚኒባስ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ በመንገዱ ይንገጫገጫል። እ.ኤ.አ. በ2024 የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ በመዛወራቸው የጉዞ ጥያቄ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል። «መዝናኛ» የሚለውም ለብዙዎች ከቤት ወጥቶ ገንዘብ ማውጣት ማለት ስለሆነ ቡና መጠጣትን፣ ዘመድ መጠየቅን ወይም ስግደትን በምሳሌነት ማስገባት ይገባ እንደሆነ በቅድመ ሙከራው መጣራት አለበት።

ተገቢነትን ማረጋገጥ

ጥሩ ትርጉም ብቻውን በቂ አይደለም። ሕመሙ ባልተለወጠ ሰው ላይ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲደገም ተቀራራቢ ውጤት መስጠት፣ ጥያቄዎቹም እርስ በርስ መስማማት ይኖርባቸዋል፤ ለዚህ የሚሰላው ክሮንባክ አልፋ ብዙውን ጊዜ ከ0.70 በታች እንዳይሆን ይፈለጋል። ውጤቱ ከሌሎች የሕመም መለኪያዎች ጋር መዛመዱና ሕመምተኛው ሲሻለው መቀነሱም ይፈተሻል። ማንበብ ለማይችሉ በቃል የሚጠየቅ ከሆነ በዚሁ አኳኋን መፈተን አለበት።

በአገራችን የአእምሮ ጤና ጥናት ያሳየው ትምህርት ግልጽ ነው። ከወሊድ ጋር የተያያዘ ጭንቀትን የሚለካው የኤድንበርግ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የቡታጅራ ገጠር ጥናት ደካማ ውጤት ሲያሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የአዲስ አበባ ጥናት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በካዛንቺስ ቢሮ በኮምፒውተር ፊት በሚውሉ ሰዎች የተረጋገጠ የአንገት መጠይቅ ለሸክም ሠራተኛው ወይም ለገበሬው ሳይፈተሽ ሊውል አይገባም።

ማጠቃለያ

ያልተፈተሸ መጠይቅ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን የማንን ኑሮ እንደለካ አይታወቅም። በዚያ ቁጥር ዕረፍት የተከለከለ ወይም ወደ ፊዚዮቴራፒ ሳይላክ የቀረ ሕመምተኛ የትርጉሙን ጉድለት በአንገቱ ይሸከማል።