ሰሌዳው የማይታየው ተማሪ

የትምህርት ቤት ልጆች የእይታ ጉድለት ተሸሽጎ የሚኖረው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አካባቢውን አደብዝዞ ያየ ልጅ ሌላውም ሰው እንደዚያው የሚያይ ስለሚመስለውና ሕመምም ስለማይሰማው ነው። በአማራ ክልል፣ በደጋንም ሆነ በደሴ ከተማ፣ ሰሌዳውን ለመለየት ዓይኑን የሚያጨናብስ፣ ደብተሩን ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ ወይም ከጓደኛው የሚገለብጥ ተማሪ ሳይመረመር «ሰነፍ» ሊባል ይችላል።

ከጉድለቶቹ ዋነኛው የብርሃን ስብረት ጉድለት ሲሆን፣ ይህም ወደ ዓይን የገባው ብርሃን ምስል በሚቀበለው የውስጠኛው ክፍል፣ ማለትም በሬቲና ላይ በትክክል ሳያርፍ ሲቀር የሚፈጠር፣ በአብዛኛው በመነጽር የሚቃና ችግር ነው። አንደኛው ዓይን ከሌላው እጅግ ከደከመና በጊዜው ካልታረመ ግን አንጎል በደህናው ዓይን ብቻ መመካትን ይለምድና፣ አምብሊዮፒያ የሚባለው፣ በኋላ መነጽር ብቻውን የማይመልሰው ድክመት ይከተላል።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዝቅተኛ እይታ መንስኤዎች መካከል የብርሃን ስብረት ጉድለት 33.4 በመቶ ድርሻ ይዞ ከዓይን ሞራ ቀጥሎ መቀመጡን አሳይቷል። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ስለተገኘባቸው፣ የክልሉ የዓይን ጤና ዘመቻ በትራኮማ ላይ ማተኮሩ ተገቢ ነበር፤ ይሁንና የዓይኑ ቆብ ተገልብጦ ለትራኮማ የታየ ልጅ እይታው ተለካ ማለት አይደለም።

ልኬታው ከባድ አይደለም። የላቲኑ «ኢ» ፊደል በተለያየ አቅጣጫ የታተመበት ሰሌዳ በ6 ሜትር ርቀት ይሰቀላል፤ ልጁ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ የፊደሉ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በእጁ ስለሚያመለክት ማንበብ አይጠበቅበትም፤ የሠለጠነ መምህርም ሊያከናውነው ይችላል። የመነጽሩን መጠን መወሰን ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ የልጅ ዓይን ራሱን እያስተካከለ ልኬቱን ስለሚያሳስት ብዙ ጊዜ ይህን የሚገታ የዓይን ጠብታ ያስፈልጋል።

በቻይና ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት ነፃ መነጽር የተማሪዎችን የሒሳብ ውጤት ማሻሻሉን አረጋግጧል። ሆኖም ምርመራ ያለ መነጽር ፋይዳ የለውም፤ ከደጋን በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ በዓይን ሕክምናው ወደሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ልጁን የሚያደርስ ወላጅ የትራንስፖርቱን ወጪና የቀን ሥራውን ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ የእይታ ልኬታ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ አካል ሊሆን፣ ጉድለት የተገኘባቸውን ልጆች የሚመረምር ባለሙያ መነጽር ይዞ እስከ ትምህርት ቤቱ ሊመጣ፣ መምህራንም መነጽሩ መደረጉን ሊከታተሉ ይገባል።