የኩላሊት ጠጠር ያለበት ጾመኛና የጨንቻ ዳገት



በረመዳን ወደ መስጂዳችን የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዘካተል ፊጥር፣ ስለ ተራዊሕ ረከዓ ብዛት ወይም ረስቶ ስለበላ ሰው ጾም ነው። እዚህ ጨንቻ ላይ ግን ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚመላለስ ሌላ ጥያቄ አለ። «ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር ታይቷል፤ ልጹም ወይስ ላፍጥር? ከጾምኩስ የለመድኩትን የእግር ጉዞ ልተወው?» የሚል። ጠያቂው አንዳንዴ ከዐስር ሶላት በኋላ ኳስ ሳይጫወት የማይውል ወጣት ነው፤ አንዳንዴም በእግሩ ዶርዜ ደርሶ መመለስን እንደ መዝናኛ የያዘ ጎልማሳ። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት። ሰው «ለመብላት ሰበብ ፈለገ» እንዳይላቸው ይሰጋሉ።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ስለ ሕመሙ የምንጽፈው ሐኪሞች ዘወትር የሚመክሩትን ነው፤ ስለ ጾሙ ደግሞ ዑለማዎች የወሰኑትን። ሁለቱ አንድ ላይ ተጽፈው ስለማይገኙ ነው ዛሬ ይህን ዐምድ የያዝነው።

ጨንቻን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከተማችን ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ በጋሞ ተራሮች ላይ ተቀምጣለች። አርባ ምንጭ ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ከጉም ውስጥ የተነሣ ሰው ቀትር ላይ ቁልቁለቱን ጨርሶ ታች ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ይጣበቃል። መንገዱ ላይ ቆም ብሎ ዐባያንና ጫሞን ጎን ለጎን ያየ ሰው ይህን ጉዞ ተው ቢሉት ለምን እንደሚከፋው ይገባናል። እኛም እንወደዋለን።

የቆላ ሰው ይጠማዋል፤ ስለሚጠማው ይጠጣል። ደጋ ላይ ግን ብርዱ ጥሙን ያስረሳል። ዳገት ሲወጡ በቁና ቁና ትንፋሽ ብዙ ውሃ ከሰውነት ይወጣል፤ ላቡንም ነፋሱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ሰው አያስተውለውም። ማታ አፍጥሮ አንድ ብርጭቆ ውሃና ሁለት ሲኒ ቡና ከጠጣ በኋላ «በቃኝ» ይላል። ጠጠር የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሽንት ውስጥ ካልሲየም፣ ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድ የሚባሉ ነገሮች ሟሙተው ይወጣሉ። ውሃው ሲያንስ መሟሟቱ ያቅታቸውና እንደ ጨው ፍሬ እየጠጠሩ ኩላሊት ውስጥ ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ ጠጠሮች ከካልሲየም የሚሠሩ ናቸው። ከዱቄት ጋር የተበላ አሸዋ ተጠራቅሞ የሚሆነው የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። አይደለም። አሸዋው በሆድ ዕቃ በኩል ይወጣል እንጂ ወደ ኩላሊት የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ታዲያ ጾም ጠጠር ያመጣል? በሙስሊም አገሮች ያሉ ሐኪሞች ይህን ጠይቀው መርምረዋል። ሕመሙን ይበልጥ የሚያበዛው የአየሩ ሙቀት ሆኖ ያገኙ አሉ፤ ረመዳን ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። ይህ ግን ለሁሉም የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ቀድሞ ጠጠር የነበረበት፣ አሁን ሕመም የሌለው፣ ኩላሊቱም በደንብ የሚሠራ ሰው ሌሊቱን ውሃ እየጠጣ መጾም ብዙ ጊዜ ይችላል። አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው፣ ጠጠሩ የሚመላለስበት ወይም የኩላሊቱ ዐቅም የቀነሰ ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ኒያውን እንዳያስር እንመክራለን። ምክክሩ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ያልደረሰበትም ዛሬ ይሂድ። አንድ ጊዜ ጠጠር ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን በ10 ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይይዛቸዋልና «ወጥቶልኛል፣ ተገላገልኩ» ብሎ መርሳት አያዋጣም።

ከጀመዓችን አንድ ወንድም በረመዳን ቀን እርሻው ላይ ሳለ ሕመሙ ያዘው። ይህን ሕመም ያየ ያውቀዋል፤ ከወገብ ጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ሰው መቀመጥም መተኛትም ያቅተዋል፣ ያስመልሳል። ጎረቤቶቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ተሸክመው ቤቱ አደረሱት። እርሱ ግን ጤና ጣቢያ አልሄድም አለ። መርፌ ጾሜን ያፈርሳል፣ ማስመለሱም አፍርሶብኛል፣ እንግዲህ እስከ መግሪብ ልቻለው ብሎ ግድግዳውን ይዞ ሲዞር ባለቤቱ ልጅ ልካ አስጠራችን።

ሦስቱም ላይ ተሳስቶ ነበር። ሳይፈልግ ያስመለሰው ሰው ጾሙ አይፈርስም፤ የሚፈርሰው ሆን ብሎ ያስመለሰ ሰው ጾም ነው። የማስታገሻ መርፌም ቢሆን በጡንቻም በደም ሥርም ቢሰጥ ምግብ እስካልሆነ ድረስ ጾም አያፈርስም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ይህን ወስኗል፤ በዚያው ውሳኔ በሽንት መውጫ በኩል የሚገባ ቱቦና መመርመሪያ መሣሪያም ጾም እንደማያፈርስ ተገልጿል። የሚያፈርሰው ምግብነት ያለው፣ ለምሳሌ ስኳር ያለበት ጉሉኮስ ነው። ሦስተኛው ስሕተቱ ከሁለቱ ይብሳል። ሐኪሙ «አሁን ውሃና መድኃኒት ያስፈልግሃል» ካለ ማፍጠር ሸሪዓው የፈቀደለት ነው፤ ጉዳት የሚደርስበት ከሆነም ማፍጠር ይገባዋል። በሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ላይ አላህ (ሱ.ወ.) የታመመና መንገደኛ የሆነ በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዶ፣ የሚሻልን ቀላሉን እንጂ ችግሩን እንዳልሆነ ነግሮናል። ይህን ስጦታ አልቀበልም ማለት ጥንካሬ አይደለም።

አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ አንድ ሶሓባ በጉዞ ላይ ራሱ ተፈንክቶ ሳለ መታጠብ ግዴታ ሆነበት። ጓደኞቹን ፈቃድ ይኖር እንደሆነ ጠየቃቸው፤ የለም አሉት። ታጥቦ ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሬው ሲደርሳቸው የገሠጹት ሟቹን አልነበረም፤ ሳያውቁ የፈረዱበትን ጓደኞቹን ነው። ለታመመ ጾመኛ ከጎን ሆነን «አይዞህ፣ መግሪብ ደርሷል፣ ቻለው» የምንል ሁሉ ይህን ሐዲስ እናስታውስ። ወንድማችን በዚያው ቀን ታከመ፤ አንድ ቀን አፈጠረ፣ ከዒድ በኋላ ከፈለው።

ስለ ቀዳው ካነሣን፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የቀዳ ቀናትን ማከታተል ግዴታ አይደለም። ጠጠር ላለበት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አንድ ቀን ጾሞ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ እየጠጣ ማረፍ ይችላል። መዳን ተስፋ የሌለው ሕመም ሆኖ ሐኪም ጨርሶ የከለከለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ያበላል። አንዳንድ ወጣቶች «አርባ ምንጭ ከወረድኩ መንገደኛ ነኝ፣ አፈጥራለሁ» ሲሉም እንሰማለን። በሻፊዒ መዝሀብ የመንገደኛ ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ ቁልቁለት ግማሹንም አይሞላም።

ወደ ጉዞው እንመለስ። ኩላሊት ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትንሽ ጠጠር መራመድን አይከለክልም፤ ሐኪሞችም ሰውየው ቤት ተዘግቶ እንዲቀመጥ አይመክሩም። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት አብዛኞቹ በራሳቸው ወርደው ይወጣሉ። ከ10 ሚሊ ሜትር ያለፈው ግን በራሱ የመውጣት ዕድሉ ትንሽ ነው። ሕመሙ የጀመረው፣ ሽንቱ ደም የቀላቀለ ወይም ቱቦ የገባለት ሰው ዳገቱንና ኳሱን ለጊዜው ይተው። ለሌላው መለወጥ ያለበት ሰዓቱ ነው። ከሱሑር በኋላ ጠዋት የሚደረግ ረጅም ጉዞ ለጠጠር ባለቤት ከሁሉ የከፋው ነው፤ በላብና በትንፋሽ የወጣው ውሃ እስከ ማታ አይተካም። ከመግሪብ በፊት ባለው ሰዓት የተራመደ ግን ቤቱ ሲደርስ አዛኑ ይቀበለዋል፣ ውሃውም ወዲያው ይደርስለታል። ከተራዊሕ በኋላም ይቻላል፤ የጨንቻን የሌሊት ብርድ ለሚችል።

ብቻውን ዳገት የሚወጣ ወገናችን ቤተሰቡ በየት በኩል እንደሄደ ይወቅ። ሕመሙ ሲይዝ ሰው መቆም ስለሚያቅተው አቀበት ላይ ብቻውን መቅረቱ አደገኛ ነው። ውሃም በቦርሳው ይያዝ። ጾመኛ ሆኖ ውሃ መያዝ ጾምን መጠራጠር አይደለም፤ አንዳንድ እናቶች ልጃቸውን በዚህ ሲቆጡት ሰምተናልና ነው።

የሌሊቱ ውሃ ነው ዋናው ነገር። ሐኪሞች የሚሹት በቀን 2 ሊትርና ከዚያ በላይ ሽንት እንዲወጣ ነው፤ ለዚህ 10 ብርጭቆ ያህል መጠጣት ያስፈልጋል። ከመግሪብ እስከ ፈጅር ወደ 11 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አለን። በቴምሩ ጊዜ ሁለት ብርጭቆ፣ ከምግቡ ጋር ሁለት፣ ከኢሻ በፊት አንድ፣ ከተራዊሕ ሲመለሱ ሁለት፣ ሲተኙ አንድ፣ በሱሑር ሁለት። በአንድ ትንፋሽ አሥሩንም መገልበጥ ሆድ ከመንፋት በቀር ብዙ አይጠቅምም። ሌሊት ለሽንት መነሣቱ የሚያማርራቸው አሉ። የተነሣ ሰው እግረ መንገዱን ሁለት ረከዓ ቢሰግድ ምን ይጎዳል? ሱሑርን ማዘግየት ሱና መሆኑም ለኩላሊት የሚመች ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አንልም። ጨው ሽንት ውስጥ ካልሲየምን ያበዛል፤ ስለዚህ ዳጣውን፣ ሳምቡሳውን፣ ጨው የበዛበትን የቡና ቅጠል ቀነስ ማድረግ ነው። የለስላሳ መጠጥም በውሃ ፋንታ አይቆጠር። ወተትና አይብ ግን ካልሲየም አለባቸው ተብሎ የሚተዉ አይደሉም፤ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ኦክሳሌቱን ሆድ ውስጥ ይይዙታል። ስኳር ያልገባበት የሎሚ ውሃ መልካም ነው። «ቢራ ጠጠር ያስወጣል» የሚል ወሬ እስከ መስጂዳችን ደጅ ደርሶ ተጠይቀናል። ሽንት የሚያበዛው ፈሳሹ ነው፤ ውሃ ያንኑ ያደርጋል፣ ሐላልም ነው።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከወገብ ሕመሙ ጋር ከመጣ፣ ሽንት ጨርሶ ከቆመ ወይም ማስመለሱ ውሃ አላስቀምጥ ካለ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ በተጠማ ኩላሊት ላይ በራስ መዋጥም ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል። አል-ራዚ ከ1,000 ዓመት በፊት ስለ ኩላሊትና ፊኛ ጠጠር ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል፤ የአንደሉሱ አል-ዘህራዊም ጠጠር ስለሚወጣበት ቀዶ ሕክምና በዝርዝር ጽፈዋል። ከ1980 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሙኒክ ላይ በተጀመረው ዘዴ ሳይቀደድ በድምፅ ሞገድ ከውጭ መሰባበር ተችሏል። ወደ ሐኪም መሄድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

የጀመዓችን የእሑድ የእግር ጉዞ በዚህ ረመዳን ከጠዋት ወደ ማታ ተዛውሯል። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከመስጂዱ በር ተነሥተን ቀለል ባለው መንገድ እንሄድና አዛኑ ሳይደርስ እንመለሳለን። ጠጠር ያለባችሁ ወንድሞች መሐል ሁኑ፤ ውሃውን የሚይዙት ወጣቶቹ ናቸው።