ሕክምናዊ የሐሳብ ልውውጥና የቡድን ሥራ በተግባር ሕክምና፦ ከአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ አንጻር

ኦኩፔሽናል ቴራፒ በመባል የሚታወቀው ሙያ በአማርኛ ገና አንድ ወጥ ስም አላገኘም። በዚህ ጽሑፍ የተግባር ሕክምና ተብሎ ተጠርቷል። ሙያው በሕመም፣ በአካል ጉዳት ወይም በአእምሮ መታወክ ምክንያት የዕለት ተዕለት ተግባሩን ማከናወን የተሳነው ሰው እንደገና እንዲለብስ፣ እንዲመገብ፣ እንዲማር፣ እንዲሠራና ከሰው ጋር እንዲኖር የሚያስችል የሕክምና ዘርፍ ነው። መሣሪያውም በአመዛኙ መድኃኒት ሳይሆን ራሱ ተግባሩ ነው። በድርጅት መልክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ፣ ኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ በተደረገ ስብሰባ ሲሆን፣ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ተመሥርቷል።

በአገራችን የሙያው ሐሳብ ከስሙ ቀድሞ ገብቷል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአለርት ማዕከል በሥጋ ደዌ እጅና እግራቸው ለተጎዳ ሰዎች ከሕክምናው ጎን ለጎን የመልሶ ማቋቋም አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል፤ የጥልፍ ሥራውም በብዙዎች ዘንድ ይታወቃል። የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያም ተመሳሳይ ዓላማ ያለው ነው። የተግባር ሕክምና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት ሆኖ መሰጠት የጀመረው ግን በቅርብ ዓመታት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ስለሆነም ባለሙያው በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው እስኪዳረስ ድረስ ረጅም ጊዜ መውሰዱ አይቀርም። እስከዚያው ድረስ ከሙያው ውስጥ መምህሩ ሊጠቀምባቸው የሚችሉት ሁለት ክህሎቶች ከታች ተብራርተዋል፤ እነርሱም ሕክምናዊ የሐሳብ ልውውጥና የቡድን ሥራ ናቸው።

የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥናት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አቃቂ የጅቡቲ ባቡር ካለፈበት ዘመን ጀምሮ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና መለዋወጫ የሚያመርቱ ድርጅቶች በአካባቢው ተተክለዋል፤ ማሽን ባለበት ደግሞ ጣቱን ወይም እጁን የሚጎዳ ሠራተኛ አይጠፋም። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይሻል። በገላንና በቱሉ ዲምቱ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመሐል ከተማ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ሰፍረዋል። እነዚህ ቤተሰቦች ቤት አግኝተዋል፤ ነገር ግን ለዓመታት የኖሩበትን እድር፣ የቡና ጎረቤትና የሰፈር ሽማግሌ ትተው መጥተዋል። አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላት እናት ቀድሞ ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ገበያ ትወጣ ከነበረ፣ አሁን በአራተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግታ የምትውልበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። የልጁ ከትምህርት ቤት መቅረት በመዝገብ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ምክንያቱ አይጻፍም።

የሐሳብ ልውውጥን በተመለከተ

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድን ሰው በንግግር ለመርዳት ረዳቱ ሦስት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል ብሏል። እነዚህም ውስጡና አፉ አንድ መሆን፣ የሚረዳውን ሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ ማክበር፣ እንዲሁም ነገሩን በዚያ ሰው ዓይን ለማየት መቻል ናቸው። የተግባር ሕክምና ምሁር የሆነችው ረኔ ቴይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው መጽሐፍ ባለሙያው ከታካሚው ጋር የሚገናኝባቸውን ስድስት መንገዶች ለይታለች። መሟገት፣ መተባበር፣ ስሜትን መጋራት፣ ማበረታታት፣ ማስተማርና ችግርን አብሮ መፍታት ይባላሉ። የቴይለር ዋና ነጥብ ከስድስቱ አንዱም በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይደለም የሚል ነው። ጥፋቱ ሰው አንዱን ብቻ ለምዶ በሁሉም ቦታ ሲጠቀምበት ነው። መምህር ብዙውን ጊዜ የሚቀናው ማስተማር ነው፤ ይህም የሙያው ጠባይ ስለሆነ አያስነቅፍም። ነገር ግን ልጇ መራመድ እንደማይችል ገና ያወቀች እናት ፊት ስለ ልምምድ ጥቅም ማብራራት ንግግሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ጊዜው ያልደረሰ ይሆናል።

በአገራችን ሁኔታ በተለይ ሊጤን የሚገባው «አይዞህ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ከአማርኛ ውብ ቃላት አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የወደቀ ሕፃንም ሆነ ልቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚጽናናው በእርሱ ነው። ሆኖም ሰውየው ችግሩን መናገር ሲጀምር ወዲያው «አይዞህ፣ ያልፋል» ቢባል፣ ንግግሩ በር እንደተዘጋበት ሰው ቆሞ ይቀራል። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ተናጋሪው ማጽናናቱ ነው፤ ሰሚው ግን «በቃህ» እንደተባለ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ «አይዞህ» መባል ያለበት ሰውየው ተናግሮ ከጨረሰና የተናገረውም በትክክል መሰማቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ለማረጋገጥ የሚረዳው ቀላል ዘዴ የሰሙትን በራስ ቃል መልሶ መናገር ነው። አንድ ተማሪ «እጄ እንዲህ ከሆነ ወዲህ ሰሌዳ ፊት መውጣት አልወድም» ቢል፣ «ሁሉም የሚያይህ ይመስልሃል ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ «ማንም አያይህም፣ ዝም ብለህ ውጣ» ከማለት የተሻለ ነው። የመጀመሪያው ልጁን ያናግረዋል፣ ሁለተኛው ግን ዝም ያሰኘዋል።

ሌላው የይሉኝታ ጉዳይ ነው። በእኛ ባህል ሰው «እንደምን ዋሉ?» ሲባል ሕመም ላይ ሆኖም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ለጠያቂው የሚሰጥ አክብሮት ነው። እውነተኛው መልስ የሚመጣው ሰላምታው ተደጋግሞ፣ ቤተሰቡና ከብቱ ሁሉ ተጠይቆ፣ ምናልባትም ሁለተኛው ቡና ከተቀዳ በኋላ ነው። ቅጽ ይዞ የመጣ ባለሙያ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሰማውን ጽፎ ከሄደ የጻፈው ሰላምታውን ብቻ ነው። እንዲሁም «እማማ፣ ልጅዎ ሲለብስ የሚቸግረው የቱ ላይ ነው?» ብሎ በአንቱታ የሚጠይቅ ወጣት መምህር የሚያገኘውን መልስ፣ «ልጅሽ ምን ሆነ?» የሚል አያገኘውም። በአቃቂ አካባቢ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን የሚነገሩ በመሆናቸው፣ ቤተሰቡ በየትኛው ቋንቋ ሐዘኑን እንደሚናገር መጠየቅም አስፈላጊ ነው። ልጁ ለወላጆቹ አስተርጓሚ እንዲሆን ማድረግ ግን አይመከርም፤ ስለ ራሱ ጉድለት የሚነገረውን ሁሉ በራሱ አንደበት እንዲደግም ማስገደድ ይሆናልና።

የቡድን ሥራ

የተግባር ሕክምና ከሌሎች የሕክምና ዘርፎች የሚለይበት አንዱ ነገር ቡድኑ በወሬ ዙሪያ ሳይሆን በሥራ ዙሪያ የሚሰበሰብ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አን ክሮኒን ሞዚ የተባለች ምሁር የቡድን ግንኙነት ችሎታን በአምስት ደረጃዎች ከፍላዋለች። ደረጃዎቹ በባዕድ ምሳሌ ከሚብራሩ ይልቅ በስፌት ሥራ ቢታዩ ይቀላል። በመጀመሪያው ደረጃ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዱ የየራሱን ሙዳይ ይሰፋል፤ አይነጋገሩም፣ ነገር ግን አብረው መቀመጡን ችለዋል። በሁለተኛው፣ ወስፌው አንድ ብቻ ስለሆነ ተራ መጠበቅና መቀባበል ይጀመራል። በሦስተኛው፣ አንድ ትልቅ መሶብ በጋራ ይያዝና የቀለሙን ዓይነት ተስማምተው ይመርጣሉ፤ እያንዳንዱ ግን ገና የራሱ ድርሻ እንዲታወቅለት ይሻል። በአራተኛው፣ ከመሶቡ ይልቅ የአንዱ ሐዘን የሌላው ሐዘን መሆን ይጀምራል፤ ሥራው የጨዋታ ምክንያት ይሆናል። በአምስተኛው ደረጃ ቡድኑ ሥራውንም አባሉንም በአንድነት ይዞ፣ መሪነቱን እየተቀባበለ ያለ ባለሙያ መሄድ ይችላል።

ይህ አከፋፈል ለመምህሩ የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ከሰው መሸሽ የጀመረን ተማሪ ወዲያውኑ ለቡድን ውይይት ማስቀመጥ ከአንደኛው ደረጃ ወደ አራተኛው እንዲዘል መጠየቅ ነው። ተማሪው ዝም ሲል «አይሳተፍም» ይባላል፤ ስህተቱ ግን የምደባው ነው። እንዲህ ያለው ልጅ አስቀድሞ ከአንድ ጓደኛው አጠገብ ተቀምጦ የራሱን ካርታ ቢሥል፣ ቀጥሎም ማስመሪያና ቀለም ቢጋራ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀጣዩ ሊሻገር ይችላል። የቡድኑም ቁጥር ወሳኝ ነው። ስለ ቡድን ሕክምና በስፋት የጻፈው ኧርቪን ያሎም ለንግግር ቡድን ሰባት ወይም ስምንት ሰው ተስማሚ መሆኑን ይገልጻል። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ክፍሉን በሙሉ መከፋፈል አይደለም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በእደ ጥበብ ወይም በግብርና ክበብ ሰዓት፣ አንድ አነስተኛ ቡድን መያዝ ይበቃል።

ያሎም በቡድን ውስጥ ሰውን ይፈውሳሉ ካላቸው ነገሮች መካከል «እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚለው ስሜትና ሌላውን መርዳት ይገኙበታል። እድርተኛ ለሆነ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። እድር ደንብ አለው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ መዋጮው የታወቀ ነው፣ የቀረ ይቀጣል፤ ዛሬ ድንኳን የሚተከልለት ነገ ለሌላው ድንኳን ይተክላል። በአዲሶቹ ሰፈሮች የወላጆች ቡድን ለማቋቋም የሚያስብ የዕቅድ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ አብነት ከውጭ ማምጣት አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ እድር ያልለመደው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ምስጢር ነው። የቡድኑ አባላት በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ከሆነ፣ በስብሰባ የተነገረው ማታ በደረጃው ላይ መሰማቱ አይቀርም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ምን ውጭ እንደማይወጣ አባላቱ ራሳቸው እንዲወስኑ ማድረግ ከሁሉ መቅደም አለበት። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ቢነሳ መሪው ሊደነግጥ አይገባም። ብሩስ ተክማን እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳመለከተው ቡድን ከተሰበሰበ በኋላ መጋጨቱ፣ ከዚያም ደንብ ማውጣቱ የተለመደ የዕድገት መንገድ ነው።

ለረጅም ዓመታት ያልሠለጠነ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ሊሠራ አይችልም ይባል ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ በሶዶ ወረዳ የተደረገውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት፣ ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸው ሰዎች ከአካባቢው ተመልምለው የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ የሰጡት ድጋፍ የዕለት ተግባራቸውን ለማሻሻል እንደሚረዳ አሳይቷል። በዚምባብዌም ሐራሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው አሠራር አረጋውያን ሴቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀን ሰው እንዲያነጋግሩ ያደረገ ነው። በሁለቱም ቦታ ሠራተኞቹ ሥልጠናና ቋሚ የበላይ ክትትል አላቸው። በመምህራኑ ላይ ይህ ክትትል ሳይኖር ኃላፊነቱን ብቻ መጫን መምህሩንም ተማሪውንም ይጎዳል።

መምህሩ ሐኪም አይደለም። ራሱን ለመጉዳት የሚናገር፣ የማይታይ ድምፅ የሚሰማ ወይም ምግብና እንቅልፍ ፈጽሞ የተወ ተማሪ ሲያጋጥም፣ ቡድኑ ተቋርጦ ጉዳዩ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መተላለፍ አለበት። ራሱን እንደሚጎዳ የተናገረ ተማሪ ብቻውን መተው የለበትም፤ ወላጆቹም ወዲያውኑ ሊነገራቸው ይገባል። በአካባቢው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይገኛል፤ ለአእምሮ ሕክምናም በከተማው የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ለዚህ የሚሆን አንድ ደብተር በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። በደብተሩ ውስጥ የሚጻፈው ተማሪው የተናገረው ምስጢር ሳይሆን፣ ባለፈው ወር ሊያደርግ ያልቻለውና በዚህ ወር የቻለው ተግባር ነው፦ ቁልፉን ራሱ ቆለፈ፣ ምሳውን ከጓደኞቹ ጋር በላ፣ አንድ ጊዜ ሰሌዳ ፊት ወጣ።